አጎቴና የተሳቢው ፒን

አጎቴ አሮጌ ቮልሳቸውን ሆሳዕና ያለ በያጅ ዘንድ ወስደው ከኋላዋ የብረት መጎተቻ አስበየዱላት፤ ባለ ሁለት ጎማ ትንሽ ተሳቢም አሠሩላት። ከባድ ነገር አያስጎትቷትም ነበር። እዚህ ሆመቾ ለቅሶ ሲኖር የቤተ ክርስቲያናችንን የፕላስቲክ ወንበሮች የምታመላልሰው እሷ ነበረች።

ሞተሩን ካስነሱ በኋላ ሁልጊዜ ይወርዱና ተሳቢው የተያያዘበትን ፒን በእጃቸው ይነቀንቁ ነበር። ባለቤታቸው፣ አክስቴ፣ ትዕግሥት ያጡ ነበር።

«ብረት እግር የለው፣ የት ይሄዳል? ግባና እንሂድ!»

«ቢፈታ የሚጎዳው ከኋላችን የሚመጣው ሰው ነው» ይሉ ነበር አጎቴ፣ ሳይቸኩሉ።

ባለፈው ወር አረፉ። ለእሳቸውም ለቅሶ ወንበር ያመጣችው ይህችው መኪና ናት። ሐዘኑ አብቅቶ ወንበሮቹን ልንመልስ ስንል ልጃቸው መሪውን ያዘ፤ አክስቴ ከጎኑ፣ ለለቅሶው ከዩኒቨርሲቲ የመጣሁት እኔ ደግሞ ከኋላ ተቀመጥን። ሞተሩ ተነሳ። መኪናዋ ግን አልተንቀሳቀሰችም። የወረደ ሰው እስኪመለስ የምንጠብቅ ይመስል ተቀምጠን ቆየን።

«ምን ትጠብቃለህ?» አሉት አክስቴ።

ልጃቸው በመስታወቱ ወደ ተሳቢው አየ። አክስቴ በሩን ከፍተው ወረዱ፤ ወደ ኋላ ሄደው ፒኑን ይዘው ነቀነቁት። ተመልሰው ሲገቡ እጃቸው ግራሶ ነክቶት ነበር።

«ይዟል» አሉ። «ንዳ።»