የገብስማዋ ዶሮ ጾም

ፈጠነች ብሎ ስም ያወጣላት ሰው ደህና አድርጎ አይቷታል። አባቷ ከመንዝ ዘምቶ ወላይታ ሶዶ ላይ የቀረ ነፍጠኛ ነው። እሷም እዚያው ሶዶ ተወልዳ በዐሥራ አራት ዓመቷ ለአባቷ ባልንጀራ ለዓምደሚካኤል ተዳረች። ልጅ አልወለደችም። እጇ ፈጣን፣ እግሯ ፈጣን፣ ከሁሉ ይልቅ ግን ቁጣዋ ፈጣን ነው። ሰው የሚላትን እስከ መጨረሻው ሰምታ አታውቅም።

በ1926 ዓ.ም. ሁዳዴ ሲገባ ዓምደሚካኤል ደጃፉ ላይ ፀሐይ ሲሞቅ የሚውል በሽተኛ ሽማግሌ ሆኖ ነበር። እግሩ አብጧል፣ ሆዱ ተነፍቷል፣ የበላውን ሁሉ ይመልሳል። የሚረጋለት ለስለስ ብሎ የተጠበሰ እንቁላል ብቻ ነበር። የነፍስ አባቱ «በሽተኛ ጾም የለበትም» ብለው ፈቅደውለታል፤ ጎረቤት ግን ከማማት አልቦዘነም። በሁዳዴ ከቤቷ የእንቁላል ሽታ መውጣቱ ለፈጠነች ውርደት ነው። ቢሆንም ትሠራለታለች፤ እንቁላሉ ከቀረ ባሏም እንደማይቆይ ታውቃለቻ።

ሦስት ዶሮዎች ነበሯት፣ ሦስቱም አራት ዓመት ያለፋቸው። ታላቃቸው ገብስማዋ ናት። ፈጠነች እንቁላሉ እንዳይቋረጥባት በቆሎ ትበትንላቸዋለች፤ ባሏ ቀምሶ የተወው እንጀራና ገንፎም ወደነሱ ይሄዳል። ለሽማግሌ ቀድሞ ይቆረስለት የለ? ለአሮጊት ዶሮም እንደዚያው መሰላት። ዶሮዎቹ ጥግብ ብለው ጥላ ለጥላ ይጋደማሉ፤ መጫሩን እርግፍ አድርገው ትተውታል። እንቁላሉ በቀን ከሁለት ወደ አንድ፣ ከዚያም በሦስት ቀን አንድ ሆነ። እሷም እንቁላሉ ባነሰ ቁጥር በቆሎውን ጨመረች።

ዳና የዓምደሚካኤል ገባር ነው። ድሮ ጌታና ገባር ነበሩ፤ አብረው ሲያረጁ ግን የሚያወሩት ሰው ከሁለቱ ሌላ አልቀረም። ጠዋት ጠዋት ዳና መጥቶ ከጎኑ ይቀመጣል። ስለ ዝናብ ትንሽ ይነጋገራሉ፣ ብዙውን ዝም ይላሉ። ዳና አማርኛን በጆሮው የለመደ ወላይታ ስለሆነ ወንድና ሴት አይለይለትም፤ ላሟንም «መጣ»፣ ሚስቱንም «ሄደ» ይላል።

አንድ ጠዋት ዓምደሚካኤል እንቅልፍ ወስዶታል፤ ገብስማዋ ከእግሩ ሥር የገንፎ ትራፊ ትለቅማለች። ዳና አያትና ራሱን ነቀነቀ።

«እሜቴ፣ አሮጌው ሆዱ ሞላ» አለ። «ይበላል፣ ይተኛል። ይጹም እንጂ። እንዲህ እያበሉት ምን ይጠቅማል?»

የሚያወራው ስለ ዶሮዋ ነበር። ፈጠነች ግን ያየችው የባሏን የተነፋ ሆድ ነው። ዳና ጌታውን ከ«እሳቸው» ሌላ ብሎ አያውቅም፤ ይህን እንኳ ማሰብ ነበረባት። ማሰብ ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል፣ እሷ ዘንድ ጊዜ የለም።

«የጎረቤቱ ሐሜት አንሶ አንተም መጣህብኝ? ሁለተኛ ደጄን እንዳትረግጥ» አለችው። ዳና ምን እንዳጠፋ ሳይገባው ቡሉኮውን ሰብስቦ ሄደ።

በማግስቱ ዓምደሚካኤል «ዳና ምነው ቀረ?» ሲል ጠየቀ።

«ዘመድ ሞቶበት ገሱባ ሄዷል» አለችው።

በሳምንቱም ጠየቀ፣ በሁለተኛው ሳምንትም ጠየቀ። ዳና ያን ጊዜ ሁሉ ከግቢያቸው ቁልቁል፣ እንሰቱ ውስጥ ነበር። ሽማግሌው ቀኑን ሙሉ በሩን ያያል፤ ውሻ በጮኸ ቁጥር ቀና ይላል።

እንቁላሉ ጨርሶ ቆመ። ዓምደሚካኤልም ከስቶ ከሆዱ በቀር ሁሉ ነገሩ አለቀ። በሦስተኛው ሳምንት ፈጠነች ቢቸግራት የነፍስ አባቱን አስፈቅዳ ገብስማዋን መረቅ ልታደርግለት ቆረጠች። ጎረቤቷ ሀብተጊዮርጊስ ባርኮ አረደላትና ዶሮዋን ልትበልት ተቀመጠች። ሆዷን ስትከፍተው ቢጫ ሞራ ብቻ ነው፤ እንቁላል ሊሆን የሚገባው ፍሬ ሞራው ውስጥ ተውጦ ምስር አክሎ ቀርቷል።

«ይቺስ በልታ በልታ ሆዷ ሞልቷል» አለ ሀብተጊዮርጊስ።

ፈጠነች ቢላዋውን አስቀመጠች። የዳና ነገር ያን ጊዜ ገባት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ ለመልቀምም ጊዜ ሲኖር ነው። አፈረች፤ ከማፈሯም ይልቅ ባሏ ዳናን ሳያየው እንዳይሞት ፈራች። ሥጋውን ጥዳ፣ እጇን በወጉ ሳትታጠብ ቁልቁል ወረደች።

ዳና ጎደሬ እየቆፈረ ነበር።

«ይቅር ይበሉኝ፣ አባቴ» አለችው። አንቱ ስትለው ይህ የመጀመሪያዋ ነው። የሆነውን ሁሉ ነገረችው።

«እኔ እሳቸው ያባረሩኝ መስሎኝ ነበር» አለ ዳና።

ከዚያ ስለ ዶሮዎቹ አስረዳት። ቄብ ሲበላ ያድጋል፣ ይጥላል፣ እህሉ መሄጃ አለው። አሮጌው አያድግም፣ የሚጥለውም ጥቂት ነው፤ የተረፈው እህል ሞራ ይሆንና እንቁላሉን ይዘጋል። ጭራሽ መከልከልም አይሆንም፣ የተራበውን ዶሮ ብርድ ይገድለዋል። ጠዋት ምንም ሳይሰጡ ወደ እንሰቱ መልቀቅ ነው፣ ይጫር፣ ትል ይልቀም። ቀን ጎመን። በቆሎ ቆጡ ላይ ሊወጣ ሲል ብቻ፣ ለሁለቱ አንድ እፍኝ።

ዳና በማግስቱ ተመልሶ ከቦታው ተቀመጠ። ዓምደሚካኤል እጁን ያዘው እንጂ የት ከረምክ ብሎ አልጠየቀውም። መረቁ አልረጋለትም። የቀሩት ዶሮዎች ደግሞ በአንድ ቀን አይከሱ፣ ፈጠነች በየማለዳው ጎጇቸውን እየዳሰሰች ባዶ እጇን ትመለሳለች። በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ቀይዋ ጣለች። ፈጠነች እንቁላሉን ጠብሳ ባሏን በማንኪያ አጎረሰችው። አልመለሰውም።

ይሄኔ እውነቱ አላስቀምጥ አላት።

«ዳና ገሱባ አልሄደም ነበር» አለችው። «እኔ ነኝ ያባረርኩት። ይጹም ሲል እርስዎን መስሎኝ፤ ለካ ዶሮዋን ነው።»

ዓምደሚካኤል ሳቀ፣ ሳቁም ሳል ሆነበት። ሳሉ ሲለቀው ግን ፊቱን አዞረ።

«እንቁላሉንስ ዶሮዋ መለሰችልሽ» አላት። «ሦስቱን ሳምንት ማን ይመልስልኛል?»

ዓምደሚካኤል ከዚያ ወዲያ የኖረው ዐሥራ ሰባት ቀን ነው፤ ዳና አንድም ቀን አልቀረም።