የልጄ ምድጃና የአስታ ሥር

ልጄ ደባርቅ ላይ አረቄ አውጥታ ትሸጣለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጆቿን ያሳደገችው በዚያው ነው። እኔ አንድ ቤት ተቀምጬ የማልከርም ሴት ነኝ። ወንዱ ልጄ ዳባት ነው የሚኖረው፤ እሱ ዘንድ ሰንብቼ ወደ ደባርቅ አልፋለሁ፣ ከደባርቅ ደግሞ ሽቅብ ወደ ተወለድሁበት አገር፣ ወደ ወንድሜ ቤት እወጣለሁ። ልጆቼ «ይህ እግርሽ መቼ ነው የሚያርፍ?» ይሉኛል። ሚኒባሱ ያዞረኛል፤ ጉልበቴ እስከቻለ ድረስ በእግሬ ነው። በእግሩ የሚሄድ ሰው የቱ ጋ ጥላ እንደነበረ፣ የቱ ጋ እንደጠፋ ያውቃል። ማንም ስለማይጠይቀው ግን ይዞት ይዞራል።

አረቄ እሳት ይበላል። ድፍድፉ ጋን ውስጥ ይገባል፣ አፉ በጭቃ ይመረጋል፣ ከሥሩ ይነድበታል፤ እንፋሎቱ በመቃ ተጉዞ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የተቀመጠ ዕቃ ላይ ጠብ ጠብ ይላል። እሳቱ ሲደክም አረቄውም ይደክማል፤ ውሃው ሲሞቅ ደግሞ አረቄው ተኖ ይቀራል። አረቄ አውጪ ሴት እንጨት ስትከት ውሃ ስትለውጥ ነው የምትውል።

የልጄ እሳት የሚነደው በአስታ ነበር። አስታ የደጋ እንጨት ነው፤ ቅጠሉ እንደ መርፌ የቀጠነ፣ ግንዱ ጠማማ። ከግንዱ ይልቅ ሥሩ ይፈለጋል። ሥሩ ድቡልቡል ነው፣ ሲሰነጠቅ ቀይ፣ ሲያነሡት እንደ ድንጋይ የከበደ። ፍሙ አይከስምም። ያን እያነደደች የምታወጣ ሴት ሌላ ማገዶ አያምራትም።

ሥሩን የምታመጣላት የወንድሜ አገር ሴት ናት፤ እሷም እንደ ልጄ ባሏ የሞተባት። ማለዳ በጀርባዋ አዝላ ትደርሳለች፤ ሸክሟን ሳታወርድ ጎንበስ ብላ እንዴት አደሩ ትለኛለች። አንድ ቀን ፀሐይ ወጥቶ ገበያው ከሞላ በኋላ መጣች። ምነው ዘገየሽ ብላት፣ ሥሩ ርቋል አለች። ድሮ ከጓሮዬ ነበር የምቆፍረው፣ ዛሬ ገደል አፋፍ ድረስ ሄጄ ነው አለችኝ። እግሯ እስከ ጉልበቷ ቀይ አፈር ነበር።

ይህን ሰምቼ ዝም ማለት አልሆነልኝም። በሳምንቱ ወደ ወንድሜ ወጣሁ።

ተራራው ላይ ያየሁት እንዲህ ነው፤ አስታ የነበረበት ሁሉ ጉድጓድ ሆኗል። ክረምት የመጣ ጎርፍ አንዱን ጉድጓድ ከሌላው አገናኝቶ ምድሩን ገምሶታል። ከሥር ያለው ምንጭ፣ እኔ ልጅ ሆኜ እንስራዬን ደፍቄ የምሞላበት፣ ዛሬ በጣሳ እየተጨለፈ ነው። ሴቶቹ ተራ ይዘው ተቀምጠዋል። አንዷ ጨልፋ ስትነሣ ሌላዋ ውሃው እስኪጠራቀም ትጠብቃለች።

ይህ ሁሉ እንዴት እንደመጣ ወንድሜ ነገረኝ፤ ግማሹን እኔም አውቀው ነበር። ልጆቼ ትንንሽ ሳሉ ሽማግሌዎችና ቄሶች ተማክረው ተራራውን በግዝት አስረውት ነበር። በዚህ ተራራ ላይ ምሳር ያነሣ ውጉዝ ይሁን ተባለ። የኛ አገር ሰው ግዝት ይፈራል። ምሳሩን ቤቱ ሰቀለ፣ ማንም አላነሣም። ኋላ ኑሮው ሲጠነክር፣ ማገዶውም ከተማ ላይ ሲፈለግ፣ ሰዉ ዶማ ይዞ ወጣ። ዶማ ምሳር አይደለማ። ለቀልድ ያሉት አይደለም፤ ከልባቸው ግዝቱን የጠበቁ መስሏቸው ነው። ቆፍረው ሸጠው ቤተ ክርስቲያን ይስማሉ፣ ይቆርባሉ። አስታ ደግሞ በምሳር ቢቆረጥ ኖሮ በክረምቱ መልሶ ያቆጠቁጥ ነበር። ሥሩ የወጣ ግን በምኑ ይብቀል? ምሳሩን ባይገዝቱት ኖሮ ይሻል ነበር ተባባልን ወንድሜና እኔ።

በመጨረሻ እንዲህ አለኝ፦

«እትዬ፣ ለመጪው ሚካኤል እንደገና ሊገዘት ነው። የቆፈረም፣ የተሸከመም፣ የገዛም።»

«የገዛም?»

«ገዥ ባይኖር ማን ይቆፍራል? ሳትሰማ እንዳይደርስባት ለልጅሽ ንገሪያት።»

ቁልቁለቱን ስወርድ ይህንኑ ሳወጣ ሳወርድ ነበር። የገዛ ወንድሜ የእህቱን ልጅ ምድጃ ሊያስገዝት ነው፤ ደግሞም ልክ ነው። የልጄ ልጆች የሚበሉት፣ የሚለብሱት፣ የሚማሩት ከዚያ ጋን በሚንጠባጠበው ነው። ጋኑ ሥር የሚነደው ደግሞ የኔ አገር ምንጭ ነው። ሁለቱን በየትኛው እጄ እንደምይዛቸው አላወቅሁም።

ነገርኋት። መቃውን በጨርቅ እየጠቀለለች ሰማችኝ፣ ቀና አላለችም። የገጠር ግዝት ከተማ አይወርድም አለች። እኔ እዚህ ሌላ ደብር ነው የምስመው አለች። ይህን ስትል እንዳላመነችበት ከድምጿ ታውቆኛል። ቆይታ ደግሞ ፊቷን ወደኔ አዞረች።

«እማዬ፣ እሺ እኔ ልተወው። ልጆቼን ውሃ አፍልቼ ልመግባቸው?»

አጎትሽ ከናፈቀሽ ቆይቷል፣ ለበዓሉ አብረን እንውጣ ብቻ አልኋት።

በዋዜማው ደረስን። የወንድሜ ሚስት እንደ ወጉ ውሃ በገበታ ይዛ የልጄን እግር ልታጥብ ተንበረከከች። ውሃው የገበታውን ወለል እንኳ በቅጡ አልሸፈነውም። ልጄ አንድ እግሯን ሰጠች። የታጠበችበት ውሃ ሳይደፋ ወደ ጎን ተቀመጠና የቤቱ ጥጃ ይጠጣው ጀመር። ልጄ ሁለተኛውን እግሯን ወደ ቀሚሷ ሰበሰበችው። የወንድሜ ሚስት አምጪው እንጂ አለቻት። በቃኝ አለች ልጄ። ያን ምሽት እራት ቀርቦላት በወጉ አልበላችም፤ ውሃ ሲሰጧትም ከንፈሯን አርሳ መለሰችው።

በማግሥቱ ቅዳሴው ሲያልቅ ግዝቱ ተነገረ። ሥር የቆፈረ፣ የተሸከመ፣ የገዛ። ልጄ ከሴቶቹ መካከል ነበረች፤ ልትወጣ ትችል ነበር፣ አልወጣችም። ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ አንገቷን ደፋች። ከእኛ ኋላ ያቺ ሥር ተሸካሚዋ ሴት ቆማ ነበር። እሷም ደፋች።

ደባርቅ ስንመለስ ልጄ ቀጥታ ወደ ጎረቤቷ ሄደች። ጎረቤቷም አረቄ አውጪ ናት፤ ለዓመታት በደንበኛ ሲነጣጠቁ የኖሩ፣ ሰላምታቸው እንኳ በአጥር ላይ ነበር። አረቄ አውጪ ድፍድፏን ለሰው ዓይን አታሳይም፤ እንኳን ለባለጋራ ለእህቷም ትከድነዋለች። ልጄ ግን የባሕር ዛፍ ማገዶ ቶሎ ስለሚያልቅ ለብቻ እንደማያዋጣ፣ አንድ የታፈነ ምድጃ ሠርተው ሁለት ጋን ቢጥዱበት እንደሚያዋጣ ነገረቻት።

ሴትዮዋ ከላይ እስከ ታች አየቻት። «ዛሬ ደግሞ በምን ዘዴ መጣሽ? ድፍድፌን ልትሰልቢ ነው?»

«ድፍድፍሽን እቤትሽ ክደኚው፤ እኔም የኔን። እሳቱን ብቻ ነው የምንካፈል።»

«አረቄዬ ያነሰ ዕለት ግን ሰላቢቱ ይቺ ናት ብዬ ገበያ መሐል ነው የማወጣሽ።»

«አውጪኝ። አንቺ አልሽ አላልሽ ሰው የሚያምነው ጠጥቶ ነው።»

ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ በፊት አብረው ሲስቁ አላየሁም።

ጭቃውን ከጭድ ጋር የረገጥነው እኔና የልጅ ልጆቼ ነን። ምድጃው ዙሪያውን ታፍኖ፣ ከፊት ማገዶ መክተቻ፣ ከኋላ ጭስ መውጫ ተተወለት። ባሕር ዛፉን ወንዱ ልጄ ዳባት ላይ ከገበሬ እየገዛ በአይሱዙ ያስጭንልናል፤ ያ ተተክሎ የሚቆረጥ፣ ተቆርጦም የሚያቆጠቁጥ ነው። ማቀዝቀዣውንም ውሃ መድፋት ተዉ። ሁለት ገንዳ አደረጉ፤ አንዱ ሲሞቅ ሌላው ይበርዳል፣ ያው ውሃ ይመላለሳል።

ቀላል ሆነ አልልም። በመጀመሪያው ቀን ጭቃው ተሰነጠቀ፣ አንዱ ጋን ፈላ ሌላው ለብ አለ፤ ሁለቱ ሴቶች ያንቺ ወገን ነው እሳቱን የበላ ተባባሉ። ደንበኛም ሸሸ። በቅሎ ጭኖ ፈረንጅ የሚያጅብ አንድ የቆየ ጠጪ አለ፤ ቀምሶ ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አየና «ይህ የባሕር ዛፍ አረቄ ጉንፋን ያድናል እንጂ አያሰክርም» አለ። ቤቱ ሁሉ ሳቀ፤ ልጄ አልሳቀችም። ሌሎች ቤቶች ዛሬም ሥር ያነድዳሉ፤ ግማሹ ጠጪ ወደዚያ ሄዷል። ልጄ የፊተኛውን ክፍል ለአንድ መምህር አከራይታ ከልጆቿ ጋር ወደ ጓዳ ገባች። ልጆቿ ግን ትምህርታቸውን አልተዉም፤ ምድጃውም አልጠፋም።

የከፋው ሌላ ነው። ያቺ ሴት አንድ ማለዳ ሥሩን አዝላ መጣች። ግዝቱን ሰምታለች፤ አብራን ነው የሰማችው። አላወረደችም፤ በር ላይ ቆማ ጠበቀች። ልጄ ወጥታ አልገዛም አለቻት፤ ቃሉን ስትናገር እጇን የት እንደምታደርገው ጠፍቷት በቀሚሷ ትጠርገዋለች።

ሴትዮዋ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

«ሥሩን ገዘቱልን። ረኃቡን ማን ገዘተልኝ?»

ሸክሟን እንደያዘች ዞራ ሄደች። የት እንዳወረደችው አልጠየቅሁም። ልጄ ያን ቀን እሳት አላነደደችም።

ልጄ ቀድሞ ከጋኑ የሚተርፈውን አተላ ቦይ ውስጥ ነበር የምትደፋው፤ ቁልቁል ወንዝ ድረስ እየሸተተ ይሄዳል፣ የታች ሰዎችም ያማርራሉ። ከዚያ ቀን በኋላ የሁለቱንም ጋን አተላ በጀሪካን ማጠራቀም ጀመረች። ለበግም ለላምም መልካም መኖ ነው። እኔን ልካ ሴትዮዋን አስጠራቻት፤ አንድ የከሳች በግ እንዳላት ታውቅ ነበር። አረቄ ባወጣን ቁጥር አተላው ያንቺ ነው፣ አርቢበት አለቻት። ሴትዮዋ ጀሪካኑን አየች፣ እኛን አየች። ተመስገን አላለችም፤ አዝላው ተነሣች።

ይበቃታል አይበቃትም አላውቅም። በጓ ወልዳለች። ሴትዮዋ ግን ሥሩ ላይ ያገኘችውን ያህል አታገኝም፤ ሲጨንቃት ቆላ ወርዳ ሰሊጥ ልታጭድ ታስባለች። ምንጩም አልጨመረም፤ ሰው እንዲጨምር ይጠብቃል፣ እኔ ግን በዓይኔ ያላየሁትን አልናገርም።

በቀደም ከሴትዮዋ ጋር ወደ ወንድሜ አገር አብረን ወጣን፤ እሷ አተላውን አዝላ፣ እኔ በባዶዬ። እንጨት ይሻል ነበር አለችኝ መንገድ ላይ፤ እንጨት ዝም ብሎ ይታዘላል፣ ይህ ግን ይዋልላል፣ በሄድሁበት እያንገዳገደኝ ነው። ልቀበልሽ ብላት እርስዎ ራስዎን ይሸከሙ አለችኝ። ጉድጓዶቹ ዘንድ ስንደርስ እግሯ እያወቀ ዙሪያቸውን ይሄዳል። ይቺን እኔ ነኝ የቆፈርሁ፣ ያቺን የጎረቤቴ ልጅ ነው፣ ይህን ትልቁን ደግሞ እኔ ነኝ ትለኛለች፤ ጓሮዋን እንደምታስጎበኝ ሰው። በትልቁ ላይ ቆም አለችና በእግሯ ከዳር ያለውን አፈር ገፋ ገፋ አደረገችበት። ትንሽ ወደ ጉድጓዱ ወረደ። ጀሪካኑን በጀርባዋ አስተካክላ ሽቅብ ቀጠለች፤ እኔም ከኋላዋ።