ልብስ ሰፊዋ ሥዕል ልትማር ሄደች

እስቲ ያቺን ጥግ ላይ የተቀመጠች ሴት ተመልከቷት፤ ሜትሯን ከአንገቷ ሳታወርድ የክረምት የሥዕል ትምህርት የገባችውን። ልብስ ሰፊ ናት። ዕድሜዋን ሙሉ ከስፌት መኪናዋ ጋር ተጣብቃ ኖራ፣ ዘንድሮ መቀመጫዋ እሾህ ሆነባት።

በመጀመሪያ ጠረጴዛ ቴኒስ ሞከረች። ኳሷን እየሳተች አየር ስትመታ ያየች ልጇ በሳቅ ፈረሰች።

"እማዬ፣ በዚህ ዕድሜሽ ከዝንብ ጋር ነው እንዴ የምትጣይው?"

በነጋታው ቀረች። ቤት ግን አላስቀምጥ አላት፤ ስትቁነጠነጥ ሰንብታ ሥዕል ተመዘገበች።

መምህሩ አንድ አዛውንት ወንበር ላይ አስቀምጦ "ሳሏቸው" ሲል፣ እሷ ብድግ ብላ የሰውየውን ትከሻ በሜትር መለካት ጀመረች። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ።

"እትዬ፣ አባባ እኮ ኮት አላዘዙም!" አለ መምህሩ።

"ታዲያ ሳልለካ በምን ልጀምር?" አለች፣ ላብ አጥምቋት።

ሳቁ ባሰ። ቦርሳዋን አንጠልጥላ እስከ በሩ ሄደች። አሁን ከወጣች ከእንግዲህ ምንም ነገር ለመሞከር ድፍረት እንደማይኖራት ታውቀዋለች። እጀታውን እንደያዘች ዞረች።

"ሳቃችሁን ስትጨርሱ ንገሩኝ" ብላ ተመልሳ ቁጭ አለች።

የሳለቻቸው አዛውንት ቁም ሳጥን መስለው ወጡ። ቢሆንም ጨረሰች፤ ሌላ ወረቀትም ጠየቀች።

ለመሆኑ ይሄ ምን ያስገለፍጣል? ሕፃን እየወደቀ መራመድ ሲለምድ የምናጨበጭብ ሰዎች፣ እናት ስትሳሳት ጥርሳችንን እናሰጣለን። እባካችሁ፣ እናታችሁ አዲስ ነገር ልሞክር ስትላችሁ ሳቃችሁን ዋጡና አብራችኋት ሂዱ።