ጓደኛዬ ያላሳየችኝ ጉድጓድ

የበደለችኝ የልምምድ ጓደኛዬ ናት። የበደለችኝም ሩጫዬ ጫፍ በደረሰበት ዓመት፣ ለብሔራዊ ቡድኑ የማራቶን ምርጫ ሊደረግ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ እንጦጦ ጫካ ውስጥ ነው። ሰፈሩ እስከ ዛሬ «ድንጋይ አደናቅፏት ነው» ይላል። ድንጋይ አላደናቀፈኝም።

ጫካ ውስጥ የምንሮጠው አንድ በአንድ ተከታትለን ነው። ከኋላ ያለችው ሯጭ የፊተኛዋን ተረከዝ እንጂ መሬቱን አታይም። ስለዚህ መሪዋ ጉድጓድ ወይም ጉቶ ስታይ እጇን ወደ ኋላ ሰድዳ ታመለክታለች። ዛሬም ጫካው ዳር ባለው የእጽዋት ማዕከል በኩል የሚሮጡት ልጆች እንዲሁ ያደርጋሉ። ይህን ማንም ቁጭ ብሎ አያስተምርም፤ የሚረሳውም የለም። ከምትጠያት ሴት ጋር ብትሮጪ እንኳ በእጅሽ ታመለክቻለሽ።

እኔ በዚያን ጊዜ የአገር ሻምፒዮን ነበርኩ። እሷ ሁልጊዜ አራተኛ ናት፤ የሚመረጡት ደግሞ ሦስት።

«አንቺ የሸማኔ ልጅ፣ እንደ መወርወሪያ ነው እኮ የምትበሪው! ለሰው አታዝኚም?» ትለኝ ነበር።

«ወሬ ስትቀንሺ ትደርሺብኛለሽ» እላታለሁ።

እወዳት ነበር። ንጋት ላይ ከሽሮ ሜዳ ዳገቱን የምንወጣው አንድ ጋቢ ለሁለት ተከናንበን ነበር።

የዚያን ቀን የምትመራው እሷ ነበረች። ቁልቁለቱ ላይ አንድ ነገር ዘለለች፤ እጇ ግን አልተንቀሳቀሰም። እኔ ገባሁበት። ቁርጭምጭሚቴ ሲሰበር ድምፁን ሰማሁት። እያለቀሰች አዝላ እስከ አስፋልቱ ያወረደችኝም እሷው ናት።

ምርጫው ላይ ሦስተኛ ወጣች። እኔ እግሬን ጀሶ ታስሬ አባቴ ግቢ ተቀመጥኩ። እናቴ ቀደም ብላ ስላረፈች ገላዬን የሚያጥበኝ ሰው አልነበረም። ጓደኛዬ ከልምምድ በኋላ በየቀኑ እየመጣች ታጥበኝ ነበር። አባቴ ከሥራው ሳይነሳ «መጣሽልን፣ ልጄ?» ይላታል። እኔ ጥርጣሬዬን ውጬ እታጠባለሁ። ሌሎቹ ሯጮች እንደሆኑ አንድ ጊዜ ብርቱካን ይዘው መጥተው በዚያው ቀርተዋል።

አንድ ከሰዓት ሹሩባ እየሠራችኝ፣ ራሴ በጉልበቶቿ መሐል እንዳለ ጠየቅኳት። ፊቷን ስለማላይ ደፈርኩ።

«ጉድጓዱን አይተሽው ነበር?»

ጣቶቿ ቆሙ።

«አይቼዋለሁ።»

«እና?»

«አራተኛ መውጣት... እ... በቃ፣ በእጄ አላመለከትኩሽም። ትዘያለሽ ብዬ ነው... አይ፣ ውሸቴን ነው። እንደዚያም አላልኩም።»

ቤት ውስጥ የአባቴ የሽመና ድምፅ ተቋረጠ። ብድግ ብዬ ላባርራት አሰብኩ። እግሬ ጀሶ ውስጥ ነው፤ ፀጉሬ ግማሹ ተሠርቶ ግማሹ እንደ ተበተነ ነው።

«ጨርሺው» አልኳት።

«ምኑን?»

«ሹሩባውን ነዋ! እንዲህ ሆኜ ሰው ፊት ልቅረብ?»

ሳቅና ለቅሶ ቀላቅላ ጨረሰችው። ያለወትሮዋ አንዴም አልጎተተችኝም። ስትሄድ አባቴ ወጥቶ በሩ ላይ ቆመ።

«ነገ ስትመጣ የለችም ልበላት?»

«ትምጣ» አልኩ።

ለውድድሩ ውጭ አገር ሄዳ ሜዳሊያ ይዛ ተመለሰች። ሰፈሩ ወጥቶ ጨፈረላት። እኔም በክራንች ወጥቼ አጨበጨብኩ፤ እልል ግን አላልኩም።

በዓመቱ ወደ ውድድር ተመልሼ አሸነፍኳት። ሴት ልጅ ስትወልድ ክርስትና አነሳሁላት። ከኋላዋ ግን ዳግመኛ ሮጬ አላውቅም።