ሞተሩ ሳይጠፋ ሰላም አይባልም

ከአገሬ ከሮብ ገበያ ወደ ውጭ አገር የወጣሁ ዕለት ቤታችን የነበሩት እነዚህ ናቸው። እናቴ ይርገዱ ከምድጃው አጠገብ፤ የወንድሜ የሙላት ሚስት የሺ ልጇን አዝላ፤ የነፍስ አባታችን አባ ይትባረክ መስቀላቸውን እንደያዙ መደቡ ላይ፤ ጎረቤታችን እትዬ ደብሪቱ ለመንገድ የቆሉልኝን ገብስ ታቅፈው፤ ልጄ ትዕግሥት አዲሱን ጫማዋን አድርጋ በር ላይ። ሙላት አልነበረም። አልነበረም ማለትም አይሆንልኝም፤ የሞተር መጋዙ ድምፅ ከመንገዱ በላይ ካለው ባሕር ዛፍ እየመጣ ቤቱን ሞልቶት ነበር።

“ዛሬን እንኳ ቢተወው ምን አለበት?” አለች እናቴ።

“እንጨት የሚጭነው መኪና ቆሞ እየጠበቀው እኮ ነው” አለች የሺ። ጎንበስ ብላ የምድጃውን አመድ በአንድ ጥቁር ጎባጣ ፕላስቲክ ትዝቃለች።

“ያ ደግሞ ምንድን ነው?” አልኳት።

“የመጋዙ ነው። ቅርንጫፍ እየያዘ አስቸገረኝ ብሎ ፈቶ ጣለው። ለአመድ ግን እንዲህ የሚመች አላገኘሁም።”

ሁላችንም ሳቅን። አባ ይትባረክም ሳቁ፣ ከዚያ መረቁኝ፣ እናቴ አንገቴን ይዛ አልለቅ አለች፣ ሚኒባሱ ጥሩምባ ነፋ፣ ወጣን።

ከባሕር ዛፉ ሥር ስንደርስ ሙላትን አየሁት። ዳገቱ ላይ ቆሟል። መጋዙ በቀኝ እጁ እየጮኸ፣ ግራ እጁን ወደ ሰማይ አንሥቶ፣ ወገቡን ሰበር አድርጎ ሰገደልኝ። ሞተሩን እንኳ ሳያጠፋ ሰላም አለኝ ብዬ በመስኮቱ እጄን አውለበለብኩለት። ያን አሰነባበት እንደ ስንቅ ይዤው ሄድኩ። ደጀን ላይ አውቶብሱ ሲቆም፣ የዓባይ ሸለቆ ሙቀት ሽቅብ ፊቴን ሲመታኝ፣ በአውሮፕላኑ ትዕግሥት ጭኔ ላይ ስታስመልስ፣ ዓይኔን በጨፈንኩ ቁጥር የማየው ያን የተነሣ እጅ ነበር።

የገባነው ስዊድን ነው፤ ባለቤቴ አበጀ ቀድሞ ሄዶ ወደሚኖርበት፣ ጫካ መካከል ወዳለች ትንሽ መንደር። ብርድ አውቃለሁ ብዬ ነበር፤ የጮቄን ውርጭ ያየ ሰው ምን ይሆናል ብዬ። የኛ ብርድ ግን ጠዋት መጥቶ ፀሐይ ስትወጣ ያፍራል። የዚህ አገሩ አያፍርም፤ ፀሐይዋም ብትሆን ለይስሙላ ብቅ ብላ ትመለሳለች። ድንቻቸው ጥሩ ነው፣ አልዋሽም፤ የአገሬን የሲናንን ያህል ባይጣፍጥም ድንች ነው። የከበደኝ ሌላ ነበር። ሰው በመንገድ ሲያልፍህ ዓይኑን ወደ ዛፍ ያዞራል። ደህና አደርክ የለ፣ እንዴት ዋልሽ የለ። ጠብ ያለብን መስሎኝ አበጀን “ምን አድርገሃቸው ነው?” ብዬ ጠይቄው አውቃለሁ።

ሥራ በሚያገናኘው ቢሮ አንዲት ልጅ እግር ሴት በአስተርጓሚ ጠየቀችኝ።

“ሙያሽ ምንድን ነው?”

“ገብስና ድንች አመርታለሁ፤ በግ አረባለሁ፤ ልጅ አሳድጋለሁ።”

“የምስክር ወረቀት አለሽ?”

“የድንቹን ነው የልጁን?”

አስተርጓሚው ሳቁን ዋጠው። እሷ ግን ምንም አልመሰላትም፤ ኮምፒውተሯ ላይ “የሥራ ልምድ የላትም” ብላ ጻፈች።

ቤቱን ያከራየን ኢንግቫር የሚባል ሽማግሌ ነው። ቤቱ የሚሞቀው በእንጨት ምድጃ ነው፤ አበጀ ደግሞ ጎህ ሳይቀድ ወጥቶ ሲመሽ ነው የሚመጣው። ስለዚህ እንጨቱ የኔ ሆነ። ኢንግቫር ከጫካው ምልክት ያደረገባቸውን የወደቁ ግንዶች አሳየኝ፤ የሞተር መጋዙን፣ እነሱ ሙቶርሶግ የሚሉትን፣ ከመጋዘን አወጣና መልሶ ቆለፈበት።

“ሾርኩርት አለሽ?” አለኝ። የመንጃ ፈቃድ ማለቱ ነው።

“መኪና የለኝም።”

“የመጋዙን ነው የምልሽ።”

“እንጨት ለመቁረጥ ፈቃድ? ይኼ የእብድ አገር ነው” አልኩት፤ ቋንቋው ገና ስላልገራልኝ ከሐሳቤ የወጣው ግማሹ ብቻ ነው። “ለመኪና ይሁን፤ መኪና ሰው ይገድላል።”

“ይኼም ይገድላል” አለና ቁልፉን ኪሱ ከተተው።

ፈራሁ፣ ግን የልጄ እግር እየቀዘቀዘ ነው። ትምህርቱን ገባሁ። አስተማሪዋ ጉኒላ የምትባል ትከሻዋ ሰፊ ሴት ናት። የመጀመሪያ ቀን ሞተር አላስነሣችንም፤ ስታለብሰን ዋለች። ጆሮ መሸፈኛና የፊት መከለያ ወንፊት ያለው የራስ ቁር፣ ጓንት፣ አፍንጫው ብረት የሆነ ቦት ጫማ፣ ደግሞ ወፍራም ሱሪ። እኔ ሱሪ ለብሼ አላውቅም። ለበስኩና ቀሚሴን ከላይ ደረብኩበት።

“ይኼ ምንድን ነው?” አለችኝ።

“ቀሚስ ነው። ሰው ያያል።”

“ሰንሰለቱም ያየዋል፤ ቀሚስ በጣም ይወዳል” አለች። ከዚያ አሮጌ ሱሪ በግንድ ላይ ዘርግታ መጋዙን ለቀቀችበት። ከውስጡ ነጭ ክር እንደ ፈትል ተመዞ ወጥቶ ሰንሰለቱን የሚያዞረው ማርሽ ላይ ተጠመጠመና ሰንሰለቱን ቀጥ አደረገው። በክሩ ፈንታ እግር ቢሆን ብዬ አሰብኩና ቀሚሴን አወለቅሁ።

ከዚያ ወዲህ ያለውን እዚህ የምጽፈው አገር ቤት መጋዝ የገዛችሁ ስላላችሁ ነው። ሞተሩን እንደ ባልዲ አንጠልጥሎ ማስነሣት የለም። የሰንሰለቱን ፍሬን አስይዘህ መሬት ላይ ታስቀምጠዋለህ፣ ቀኝ እግርህን በኋላው እጀታ ውስጥ አስገብተህ ትረግጣለህ፣ በግራ እጅህ የፊቱን እጀታ ጨብጠህ ገመዱን ትስባለህ። ቤንዚኑ ብቻውን አይቀዳም፤ ለዚህ ሞተር ከተሠራው ዘይት ጋር ከመጋዙ ጋር የሚመጣው የመመሪያ መጽሐፍ ባለው ልክ ይደባለቃል። የሚቀዳውም ሞተሩ ጠፍቶ ሲበርድ ነው፤ የሚያጨስ ሰው በሌለበት፣ ካፈሰስክ ጠርገህ፣ ከቀዳህበት ራቅ ብለህ ታስነሣለህ። የሰንሰለቱ ዘይት ሌላ ነው፤ ቤንዚን በቀዳህ ቁጥር እሱንም ሙላው። ከመኪና የወጣ የተቃጠለ ዘይት አይሆንም።

መሳሉ ግን ደስ ይለኛል። እኛ ማጭድ በድንጋይ ወዲያና ወዲህ ነው የምንስለው፤ እኔም ክቡን ሞረድ እንደዚያ ሳመላልሰው ጉኒላ እጄን ያዘችኝ። ሞረዱ ወደ ፊት ብቻ ይገፋል፣ ተነሥቶ ይመለሳል፣ ለሁሉም ጥርስ እኩል። የተሳለ መጋዝ ፍልጥፍልጥ ያለ ስብርባሪ ይተፋል፤ የዶለዶመ እንደ ሽሮ የላመ ዱቄት ያወጣል፣ ሰውም ይጫነዋል፣ የተጫነው ሰው ይደክማል፣ የደከመ ሰው ይሳሳታል። ማታ ማታ የወተት መናጫ ቅል እንደማጥብ ነው የማጸዳው፤ የአየር ማጣሪያውን አራግፌ፣ ሰንሰለቱ የሚሄድበትን ቦይ ጠርጌ፣ ላልቶ እንደሆነ ሞተሩ በርዶ በጓንት ሳብ አድርጌ አይቼ።

ፈቃዱን አገኘሁ፣ ኢንግቫር ቁልፉን ሰጠኝ፣ ምድጃችን ሞቀ። እንጨት ስቆርጥ ወደ እኔ የሚጠጋ ሰው ግን የለም። ኢንግቫር ራሱ ሲመጣ ሩቅ ላይ ዛፍ ሥር ይገተራል እንጂ አይጠራኝም። የዚህ አገር ሰው ኩራት ነው ብዬ ተውኩት።

አንድ ቀን ከቤቱ ጀርባ አንድ የወደቀ ግንድ ቅርንጫፍ እየመለመልኩ ቀና ስል፣ ኢንግቫር ከውሻው ጋር ቆሞ አየሁት። ሽበታም ሰው፣ በዚያ ብርድ። እንግዲህ የተወለድኩበትን ታውቃላችሁ። ሽማግሌ ቆሞ እያየሁ ዝም አልልም። ሳላስበው ግራ እጄ ከእጀታው ተነሣ፣ ራሴ ጎንበስ አለ። የመጋዙ አፍንጫ ከሥር ተደብቆ የነበረ ቅርንጫፍ ነካና እንደ ደነበረ በቅሎ ወደ ፊቴ ዘለለ።

ጓ አለ። የራስ ቁሩ ወንፊት ጎብጦ አፍንጫዬ ላይ ተጣበቀ። በመቀመጫዬ ወደቅሁ። ሰንሰለቱ ግን ቆሟል፤ እጄ ሳይነካው፣ በዝላዩ ኃይል ብቻ ፍሬኑ ራሱ ይዞታል። ፊቴን ደባበስኩ። ደም የለም።

ኢንግቫር መጥቶ ሞተሩን አጠፋና አጠገቤ እርጥቡ መሬት ላይ ተቀመጠ።

“እጅሽን ለምን አነሣሽ?”

“አንተ ቆመህ ሰላም ሳልልህ?”

ውሻውን አሻሸ። “እኔ እኮ የቆምኩት እስክታጠፊው ነው” አለኝ። “መጋዝ የያዘን ሰው አንጠራም። ከዛሬ ጀምሮ መጀመሪያ አጥፊው፤ ከዚያ እስኪደክምሽ ስገጂልኝ።”

ልስቅ አፌን ስከፍት ሳቁ አፌ ላይ ቀረ። ዓይኔ ፍሬኑን የሚያስይዘው ከፊት እጀታው ፊት ያለ ጥቁር ጎባጣ ፕላስቲክ ላይ ነው። ሙላት ፈቶ የጣለው፣ የሺ አመድ የምትዝቅበት እሱን ነው።

ለሙላት ደወልኩለት። መጋዝ መያዜንና የደረሰብኝን ነገርኩት።

“እታለም፣ ስዊድን ድረስ ሄደሽ ያገኘሽው መጋዝ ነው? እዚሁ እኔ አስተምርሽ አልነበር?”

“ወንድምዓለም፣ ያን የጣልከውን ፕላስቲክ አስገጥመው። ሞተሩ እየዞረ ደግሞ ለማንም እጅህን እንዳታነሣ።”

“ሰው እግዜር ያበርታህ እያለኝ ሲያልፍ? መጋዝ ገዛና ጠገበ ይሉኛል።”

“ይበሉህ።”

“አባ ይትባረክ መስቀል ይዘው ሲቆሙስ? እሳቸውን ላሳልፋቸው?”

አልሰማኝም። ስለዚህ አባ ይትባረክ ዘንድ ደወልኩ፤ የሆነውን ሁሉ፣ ያዳነኝን ፍሬን፣ የአመድ መዛቂያውን ነገርኳቸው።

“እንግዲያው በየጠዋቱ በዚያ ሳልፍ ልጁን ለሞት የምዳርገው እኔ ነኛ” አሉ። “አየሽ፣ መስቀሌን ለመሳለም ሲጎነበስ ያ ነገር ከጉልበቱ ሥር ይጮኻል። እኔ ደግሞ ትሕትናውን ሳደንቅ።”

“አባቴ፣ እርስዎ ካልነገሩት አይሰማም።”

“እሱን ብቻ አይደለም የምነግር” አሉ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለሕዝቡ ተናገሩ። መጋዝ የያዘ ሰው ያየ ሁሉ፣ ዛፉ ቢወድቅ ከማይደርስበት ርቆ ይቁም፤ ሞተሩ ሳይጠፋ ሰላም አይባልም፤ ያልመለሰም አልበደለም፤ “እኔም መስቀሌን አላወጣም” አሉ። የሺ እየሣቀች በስልክ ስትነግረኝ ያለቀስኩት ከደስታ ነው። ፕላስቲኩን አጥባ ሰጠችው፤ ደብረ ማርቆስ ያለ መካኒክ ፍሬኑን መልሶ ገጥሞ ሞከረለት። “አሁን አመዱን በምን ልዛቅ?” ብላ ወቀሰችኝ። ያን ሌሊት ከመጣሁ ወዲህ ያልተኛሁትን እንቅልፍ ተኛሁ። አሁን ሰው በመንገድ ዝም ብሎኝ ሲያልፍ እንኳ እንደ በፊቱ አይከፋኝም።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። ሙላት መጋዙን ይዞ ለእንጨት ሥራ ደብረ ኤልያስ ወርዷል አሉኝ። ስልኩ አይሠራም። የዚያ አገር ሰው ደግሞ አባ ይትባረክ የተናገሩትን አልሰማም፤ ሰላምታውም የኛው ነው። ከደብረ ኤልያስ የምትመጡ፣ ወይ ዘመድ ያላችሁ፣ ቀጠን ያለ፣ ረዘም ያለ፣ ሲሥቅ ዓይኑ የሚጠፋ የሮብ ገበያ ልጅ ነው፤ ካያችሁት እስኪያጠፋው ራቅ ብላችሁ ጠብቁትና እህትህ እንደምን ነህ ትልሃለች በሉት። ደህና መሆኑንም ላኩልኝ።