ለልጄ የደበቅሁት መርዶ

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ጌታ ያደረገልኝን ልነግራችሁ ተነሥቻለሁ። ከወረቀት ስለማነብ ይቅርታ አድርጉልኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ማተሚያ ቤት ተቀምጬ የሰው ጽሑፍ ሳርም ኖርኩ፤ የራሴን ጥቂት ገጾች ለመጻፍ ግን ሳምንታት ፈጀብኝ። በቃሌ ብናገር አለቅሳለሁ፣ ካለቀስኩ ደግሞ አልጨርስም። በዚህ ቤት እልልታ እንዳልተለመደ አውቃለሁ። እኔ ያደግሁት በእልልታ ስለሆነ በየመሃሉ ክብር ለእግዚአብሔር ይሁን ብል ታገሡኝ።

ልጄን ናትናኤልን አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። በመስኮቱ በኩል ነበር የሚቀመጠው አላችሁኝ። እኔ እዚህ ተቀምጦ አላየሁትም፤ ያን ጊዜ ደጃፋችሁን ረግጬ አላውቅም ነበር። እንግሊዝኛ ልማር ብሎ መጣና በዚያው ቀረ። ሰፈሩ «የእነ ተሾመ ልጅ ሞርሞን ሆነ» እያለ ሲያወራ እኔ አንገቴን ደፍቼ ሱቅ እሄድ ነበር። ያደግሁባትን ቤተ ክርስቲያን ዛሬም ክፉ አልናገርባትም። ብቻ ልጄ የጠፋብኝ መስሎኝ ነበር።

ባለቤቴ ተሾመ ከእንጦጦ ሥር ባለ ችግኝ ጣቢያ ይሠራ ነበር። ወይራና ጽድ፣ ኮሶም ያፈላል። ከሰው ይልቅ ከአፈር ጋር ነበር የሚያወራው። ናቲ ለሁለት ዓመት ወንጌል ሊሰብክ ወደ ዛምቢያ እንደተጠራ ሲነግረው፣

«ምን ብለው ነው የሚጠሩህ እዚያ?» አለው።

«ኤልደር።»

«ምን ማለት ነው?»

«ሽማግሌ እንደ ማለት ነው፣ አባዬ።»

«ጺሙ ሳይወጣ ሸመገለ በሉኛ!» ብሎ ሳቀ። ሳቁ ግን ቶሎ ደረቀ። «እኛ ክርስቲያን ሳንሆን ነው ያሳደግንህ?» አለው። ከዚያች ቀን ወዲህ አላናገረውም። ኅዳር ላይ ናቲ ሲሄድ «ችግኝ አለብኝ» ብሎ ገና በጠዋት ወጣ። ኤርፖርት የሸኘሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ጥር ላይ ተሾመ ከሥራ ተመልሶ ጫማውን ሊያወልቅ ጎንበስ እንዳለ ዐረፈ። ሐኪሞቹ ልቡ ነው አሉ።

እህቱ አስካለ ድንኳኑ ገና ሳይተከል እጄን ይዛ ወደ ጓዳ አስገባችኝ።

«ለልጁ እንዳትነግሪው!»

«እንዴት አልነግረውም? አባቱ እኮ ነው።»

«አባቱ ስለሆነ ነዋ! ሰው አገር ነው ያለው። ማን ይይዘዋል? ራሱን ቢስት ማን ውሃ ያቀምሰዋል? ሲመጣ ዘመድ ሰብስበን በወጉ እናረዳዋለን።»

«ሁለት ዓመት?»

«ሁለት ዓመት ምን አላት!»

በእኛ ዘንድ መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ። አስካለ ክፉ አልመከረችኝም፤ እናቶቻችን ሲያደርጉት የኖሩትን ነው የነገረችኝ። የዚህ ጉባኤ መሪ ለቅሶ ሊደርሱን ሲመጡም እግራቸው ላይ ወድቄ ለመንኳቸው። «እኔ አልነግረውም፤ ከጠየቀኝ ግን አልዋሸውም። ይህ ሸክም የእርስዎ ነው፣ እህቴ» አሉኝ። እሺ አልኩ። ክብደቱን አላወቅሁትም።

ሚስዮናውያን ወደ ቤት የሚደውሉት በሳምንት አንድ ቀን፣ ሰኞ ነው። ሰኞ ሲመጣ ጥቁር ልብሴን በአበባማ ሻርፕ እሸፍናለሁ። ስልኩን የተሾመ የሐዘን ፎቶ ከሌለበት ግድግዳ ፊት አቆማለሁ። የልጄ የመጀመሪያ ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው።

«አባዬስ?»

«እንጦጦ ነው፣ ልጄ። ኔትወርክ የለም።»

«አሁንም እንደተቆጣ ነው?»

«በርዶለታል። ሰላም ብሎሃል።»

እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ እንዴት ቀላል ነበር! ልጄ ፊቱ ይበራና ስለ ዋለበት ያወራኝ ጀመር። መጀመሪያ ያንኳኳው በር ላይ አንዲት ባልቴት ከፈተችለት። በእንግሊዝኛ የሸመደደው ሁሉ ጠፋበት፤ ስሙን ብቻ ነገራት። ሴትየዋ ከላይ እስከ ታች አየችውና «በልተሃል?» አለችው።

«ታዲያ በላህ?» አልኩት።

«ንሺማ የሚሉት አለ። ገንፎ በይው፣ ቅቤም በርበሬም የሌለው። አብሮኝ የሚያገለግለው ጋናዊ ጓደኛዬ 'መጀመሪያ ያዳንከው ሰው ራስህን ነው፣ ያውም ከረሃብ' እያለ ሲስቅብኝ ዋለ።»

ሌላ በር የከፈተለት ሰውዬ ደግሞ ከየት እንደመጣ ጠየቀው። ከኢትዮጵያ ሲለው «እስቲ ስትሮጥ ልይህ» ብሎ ውሻ ለቀቀበት። ይህን ሲነግረኝ ሁለታችንም እንባችን እስኪመጣ ሳቅን። ስልኩ ሲዘጋ ቤቱ ጸጥ ይላል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በደንብ ላስረዳችሁ አልችልም። ውሸቴ ቀስ እያለ መኖሪያዬ ሆነ። ድንኳኑ ከተነሣ ወዲህ አላለቀስኩም ነበር። እንጦጦ ሥራ ላይ ላለ ሰው ይለቀሳል እንዴ? ጠዋት ጭጋግ ከተራራው ወርዶ ሰፈራችንን ኮተቤን ሲሸፍን ተሾመ እዚያ ነጭ ነገር ውስጥ ጎንበስ ብሎ አፈር ሲያላላ ይታየኛል። ምሳ ሳቀርብ የእሱን ድርሻ ከድኜ አስቀምጣለሁ። ልብሱን አጥቤ አሰጣለሁ። እንደ ሕልም ነበር፣ ከሕልሙ ደግሞ መውጣት አልፈለግሁም።

ሚያዝያ ላይ ደረቴ ይታፈን፣ እንቅልፍም እምቢ ይለኝ ጀመር። አስካለ መገናኛ አካባቢ ወዳለ ክሊኒክ ወሰደችኝ። ሐኪሙ ወጣት ነው።

«እናቴ፣ ልብዎ ደህና ነው። ቤት ውስጥ ከማን ጋር ነው የሚኖሩት?»

«ከባለቤቴ ጋር።»

«አብረው መጥተዋል?»

«እንጦጦ ነው ያለው። ማታ ይመጣል።»

አስካለ ከወንበሯ ብድግ አለች። ታክሲ ውስጥ ወደ ጆሮዬ ተጠግታ «ያልሽው ይሰማሻል?» አለችኝ። «እንዲህ በዪ ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም?» አልኳት። ኮተቤ እስክንደርስ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ተቀመጠች።

ሰኔ ገባ። አንድ ሰኞ ናቲ ሲደውል ፊቱ ከሌላው ቀን ተለየብኝ።

«ምነው ልጄ?»

«አንድ ብስክሌት የሚጠግን ሰውዬ አለ። ሚስቱ ሞታበታለች። ስለ ትንሣኤ ነገርኩት። ጎማውን እየሞላ እስከ መጨረሻው ሰማኝና 'አንተ ልጅ፣ ማንን ቀብረሃል?' አለኝ።»

«ምን አልከው?»

«ማንንም፣ አባቴም እናቴም አሉ አልኩት። 'እንግዲያው ሰው ቀብረህ ና' አለኝ። እውነቱን ነው እኮ፣ እማዬ። የማላውቀውን ነው የማወራው።» ከዚያ «አባዬን ሰላም በዪልኝ» ብሎ ዘጋ።

ወንድሞችና እህቶች፣ የልጄ አባት ከተቀበረ አምስት ወር ሆኖት ነበር። ልጄ ሐዘንተኛ ሆኖ ሳለ ሐዘኑን ነጥቄው፣ ባዶ እጁን በማያውቃቸው ሰዎች ደጅ አቁሜዋለሁ።

በማግስቱ ማለዳ እግሬ ወደ ችግኝ ጣቢያው ወሰደኝ። ጭጋጉ ከመውረዱ የተነሣ ከጥቂት እርምጃ በላይ አይታይም። ዘበኛው ጋሽ ቶሎሳ ካፖርቱን ደርቦ ከበሩ ወጣ።

«እትዬ፣ በዚህ ብርድ ምን ፈልገው ነው?»

«ተሾመን» አልኩት።

ባርኔጣውን አወለቀ። «ተሾመማ ዐረፈ እኮ። አፈር ካለበሱት አንዱ እኔ አይደለሁም እንዴ?» አለኝ።

ማንም እንደዚያ በግልጽ ነግሮኝ አያውቅም። እዚያው በፕላስቲክ ከረጢት በተደረደሩት ችግኞች መሃል ተቀምጬ በቁሜ ያመቅሁትን ሁሉ አለቀስኩት። ከዚያ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ፣ ጸለይኩ። «ጌታ ሆይ፣ ይህን ለልጄ የምነግርበት አፍ የለኝም። ከነገርኩት በኋላም እንድትይዘው እለምንሃለሁ» አልኩ። ሌላ ቃል አልነበረኝም። ድምፅ አልሰማሁም፣ ራእይም አላየሁም። ጭጋጉም አልተገለጠም። ግን ውስጡ ማንም እንደሌለ ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ፣ አልፈራሁምም። ደረቴ ያን ዕለት ተከፈተ። ክብር ለእግዚአብሔር ይሁን! እልፍ ጊዜ ክብር ይሁንለት!

ከተራራው ወርጄ በቀጥታ ወደ መሪያችን ሄድኩ። ዛምቢያ ካሉት የናቲ አለቆች ጋር ተነጋግረው በዚያው ቀን አገናኙን። ጓደኛው አጠገቡ እንዲቀመጥ አደረጉ። ጥቁር ልብሴን ሳልሸፍን ነበር የቀረብኩት። ናቲ አየኝ።

«ማን ነው፣ እማዬ?»

«አባትህ ነው።»

«ዛሬ?»

«ጥር ላይ።»

«ሰላም ብሎሃል ስትይኝ የነበረው?»

«እኔ ነኝ።»

«በርዶለታል ያልሽውስ?»

«እሱም እኔ ነኝ፣ ልጄ። አንድ እውነት ግን አለኝ። ከማረፉ በፊት በነበረው እሑድ 'ለመሆኑ እዚያ አገር ዝናቡ መቼ ነው?' ብሎ ጠየቀኝ። እንጃ አልኩት። ስምህን አልጠራም። ከዚህ በላይ ልጨምርልህ አልችልም።»

ናቲ ስልኩን ለጓደኛው ሰጥቶ ተነሥቶ ወጣ።

የሚቀጥለው ሰኞ አልደወለም። ልጄንም እንደ አባቱ የቀበርኩት መሰለኝ። አስካለ መጥታ «አላልኩሽም?» ልትል አፏን ከፈተችና ፊቴን አይታ ተወችው፤ አብራኝ ተቀመጠች። በሁለተኛው ሰኞ ስልኩ ጮኸ። ናቲ ከስቷል። ወደ ቤት መመለስ እንደሚችል ነግረውት ልቆይ ብሏል።

«እማዬ፣ ያን ዕለት ዝም ብዬ ስሄድ ብስክሌት ጠጋኙ ዘንድ ደረስኩ። ጓደኛዬ ከኋላዬ ይከተለኛል። ልሰብክ አልነበረም። 'አባቴ ሞቷል' አልኩት። የያዘውን ጎማ አስቀመጠና ሣጥን ላይ አስቀመጠኝ። ሱቁን ዘጋ። ጎረቤቶቹን ጠራ። ሴቶቹ መጥተው አለቀሱልኝ፤ አንዷም እንኳ አታውቀኝም እኮ!»

«ከዚያስ?»

«ሰዉ ሲበተን 'አሁን ንገረኝ፣ አባትህን ታየዋለህ?' አለኝ። የሸመደድኩት አንዱም አልመጣልኝም። 'አባቴ ችግኝ ያፈላ ነበር። የእናንተን አገር ዝናብ ጠይቆ ሳልመልስለት ሞተ። አየዋለሁ፣ እመልስለታለሁ' አልኩት።»

«አመነህ?»

«እንጃ። እጄን ይዞ ቆየ።»

ወንድሞችና እህቶች፣ ያ ሰው ይመን አይመን እስከ ዛሬ አላውቅም። እኔ ግን አመንኩ! ወጥ ቤቴ ቆሜ፣ ስልክ በእጄ ይዤ፣ ባሌ በጌታ እጅ ሕያው እንደሆነ አመንኩ። ልጄን ያለ ዘመድ የጣልኩት መስሎኝ ነበር፤ ጌታ በማላውቃቸው ሴቶች እንባ አስታቀፈልኝ። ስሙ ይባረክ!

«ይቅር ብለኸኛል?» አልኩት።

«እየሞከርኩ ነው፣ እማዬ። ከእንግዲህ ግን ጥሩ ጥሩውን አትንገሪኝ። እውነቱን ንገሪኝ።»

ይኸው እየነገርኩት ነው። ደህና ካልሆንኩ ደህና አይደለሁም እለዋለሁ፤ እሱም እንደዚያው። ባለፈው ወር በዚህ ቤት ተጠመቅሁ። እንቅልፌ ተመልሷል። ሐዘኔ አልጠፋም፣ እንዲጠፋም አልለምንም፤ አሁን ግን ሐዘን ሆኖ ነው የሚያመኝ፣ በሽታ ሆኖ አይደለም። አስካለም እዚያ በሩ ዳር ተቀምጣለች። «የመጣሁት አንቺን ልጠብቅ ነው፣ ሌላ እንዳይመስልሽ» ብላኛለች። እሱም ይበቃኛል፣ ተመስገን።

ከመካከላችሁ ለምትወዱት ሰው ብላችሁ እውነት የደበቃችሁ ካላችሁ፣ እለምናችኋለሁ፣ ጌታን እመኑትና ተናገሩ። እናንተ ልትይዙት የማትችሉትን ልጅ እሱ ይይዘዋል። ዛሬ ጉባኤው ሲያበቃ ቶሎ አልሄድም፤ የኋላው ወንበር ላይ እቆያለሁ። ሳያለቅስለት የቀረ ሰው ያለበት ካለ መጥቶ አጠገቤ ይቀመጥ። እኔ አላውቀውም ብዬ አልተወውም፤ አብሬው አለቅሳለሁ። ይህን የመሰከርኩት ልጄን በሰው አገር ባልተወልኝ በኢየሱስ ክርስቶስ ስም ነው፤ አሜን።