የኪቦርዱ ስድስተኛ ክር

አባዬ ዐይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው አዳመጡ።

ዛሬ በቾ ቦሬ ሰፈር ባለው ቤታችን ውስጥ፣ እሳቸው ዕድሜ ልካቸውን የደረደሩትን የበገና ዜማ በኪቦርድ ሠርቼ፣ የዘመኑን ምት ጨምሬበት አሰማኋቸው። «በገናን ኤሌክትሪክ ላይ የሰካ ልጄ አይደለም» ሲሉ ነው ያደግሁት። ጎረቤታችንን ሐጂን ለሽምግልና ቢያስፈልጉ ብዬ ቀድሜ ጠርቻቸው ነበር።

በመጨረሻ አባዬ፣ «ስድስተኛው ክር ላልቷል፤ አጥብቀው» አሉ።

ኪቦርድ ክር የለውም። ይህን ለማስረዳት ግን ቀኑ ዛሬ አልነበረም። «እሺ አባዬ» አልኩ።

ሐጂ ጠጋ ብለው፣ «አልሐምዱሊላህ፣ ልጅነትህ ጸንቷል» አሉኝ።

አሁን ቁጭ ብዬ የሌለ ክር እያጠበቅሁ ነው። ለካ እውነታቸውን ነው፤ በስድስተኛው ክር ምትክ ያስገባኋት ድምፅ ትንሽ ወርዳለች።

የአባታችሁን ነገር ነካክታችሁ በእርማት ብቻ የተረፋችሁ ካላችሁ፣ እስቲ ንገሩኝ።